ከቪትዝ ወደ ቮልስ ለሚሻገሩ ወዳጆች

በቢቸናና በሞጣ የምትኖሩ፣ ቪትዛችሁን ሽጣችሁ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱባትን ዓይነት ቮልስዋገን ለመያዝ የምትመኙ ወዳጆቼ፣ በመካኒክነቴ የምመክራችሁ አስቀድማችሁ ጠባይዋን ትመረምሩ ዘንድ ነው።

ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ፣ ራዲያተር የሌለው፣ በነፋስና በሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ብቻ የሚቀዘቅዝ ስለሆነ፣ ማራገቢያውንና ዲናሞውን አንድ ላይ የሚያዞረው ቺንጋ የተበጠሰ እንደሆነ ቀይዋ የዲናሞ መብራት ትበራለች፤ ያን ጊዜ «እስከ ደብረ ወርቅ ልድረስ» ሳይሉ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ግድ ነው።

የቪትዝ ኮምፒዩተር የደጋውን ስስ አየር ለክቶ ቤንዚኑን ራሱ ሲመጥን፣ የቮልስ ካርቡሬተር ግን የሰው እጅ ካላስተካከለው በቀር ቤንዚን ያበዛል፤ ለዚህም ምስክሩ በጥቀርሻ የጠቆረው የካንዴላ ጫፍ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱም የአብዛኞቹ ቮልሶች ፍሬን በአራቱም ጎማ የከበሮ ስለሆነ፣ ፈጥኖም ስለሚግል፣ በከባድ ማርሽ ውረዱ።

ፋብሪካው ይህችን መኪና መሥራት ያቆመው በ1995 ዓ.ም. ነውና፣ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት የኋላውን መቀመጫ አንሥታችሁ፣ ከባትሪው ሥር ያለው ወለል በዝገት አለመበላቱን በዓይናችሁ እዩ።