በአሮጌ ቤቶች የሚገኘውን ሸካራ ኮርኒስ ስለ ማንሣት

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው በአሜሪካ አገር በብዙ አሮጌ ቤቶች የሚታየውን ሸካራ ኮርኒስ ነው። የአገሩ ሰዎች መልኩን አይተው «የፈንዲሻ ኮርኒስ» ይሉታል። ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም፤ በዚያ አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል እንዲህ ያለውን ቤት ገዝተው ኮርኒሱን በገዛ እጃቸው ለመፋቅ የሚነሡ አሉ።

ኮርኒሱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፋበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፥ በመርጫ ስለሚሠራ ፈጣንና ርካሽ ነው። ሁለተኛ፥ የጀሶ ሰሌዳዎቹ የተጋጠሙበትን መስመር ይሸፍናል። ሦስተኛ፥ ሸካራነቱ ድምፅን በመጠኑ ያለዝባል።

ጉዳቱ የሚመጣው ከቅልቅሉ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል፥ እሳት የማይበላው ማዕድን ይገኛል። ይህ ማዕድን በደረቁ ሲፋቅ በዓይን የማይታዩ ቃጫዎች ሆኖ በአየር ይበተናል። ወደ ሳንባ የገባው ቃጫ ለብዙ ዘመን እዚያው ስለሚቀር የሳንባ ጠባሳና ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። በሽታው የሚገለጠው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው፤ ስለዚህ የፋቀው ሰው በዚያን ቀን ሳል እንኳ ላይሰማው ይችላል።

የአሜሪካ መንግሥት ይህን ማዕድን ለእሳት መከላከያና ለሙቀት መጠበቂያ መርጨትን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1973፥ ለጌጥ መርጨትንም በ1978 ከለከለ። ሆኖም በመጋዘን የቀረው ቅልቅል ከዚያ በኋላም ስለ ተሠራበት፥ ቤቱ የተሠራበትን ዓመት ማወቅ ብቻውን አይበቃም። በዓይን አይቶም መለየት አይቻልም። ኮርኒሱን በውሃ አርጥቦ ጥቂት ናሙና በማንሣት በላቦራቶሪ በማይክሮስኮፕ ማስመርመር ያስፈልጋል። በአገሩ ሕግ ከመቶ 1 እጅ በላይ አስቤስቶስ የተገኘበት ዕቃ አስቤስቶስ ያለበት ይባላል።

ምርመራው ነፃ ካደረገው ሥራው ቀላል ነው፤ ወለሉን በላስቲክ ሸፍኖ፥ ኮርኒሱን አርጥቦ፥ በሰፊ መፋቂያ ቀስ ብሎ መፋቅ ነው። ቀለም የተቀባ እንደ ሆነ ግን ውሃው በቀላሉ አይዘልቀውም፤ ከ1978 በፊት የተቀባ ቀለም ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል እርሱም ይመረመራል።

አስቤስቶስ ከተገኘ መንገዱ ሦስት ነው። ደኅና ሆኖ ከተቀመጠ ሳይነኩ መተው፤ በአዲስ ሰሌዳ መሸፈን፤ ወይም ፈቃድ ባላቸው ባለሙያዎች ማስነሣት። በሽፋኑም ጊዜ ሚስማሩ ኮርኒሱን ስለሚበሳ የባለሙያ ምክር ያሻል። በመጥረጊያ መጥረግ ወይም ተራውን አቧራ የሚስብ ማሽን መጠቀም ቃጫውን በቤቱ ሁሉ ይበትነዋል።

ከዚህ የምንደርስበት መደምደሚያ ምርመራ ከመፋቂያ መቅደም አለበት የሚል ነው። ያልተጎዳውን ኮርኒስ መልኩን በመጥላት ብቻ መፋቅ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል፤ ዕዳውንም ከዓመታት በኋላ የሚከፍሉት በዚያው ቤት ያደጉት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ።