ማርኩ ተሞላ፤ ትምህርቱስ?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪዎች በየደረጃው በተከታታይ እንዲመዘኑ ደነገገ። ሦስት ዐሥርት ዓመታት አለፉ። ምዘናው ተከታታይ ሆኗል፤ ቴስቱ፣ አሳይመንቱ፣ የቡድን ሥራው አይቋረጥም። ውጤቱ ግን ማርክ ሊስት ላይ ሰፍሮ ከዚያ ወደ ሮስተር ያልፋል እንጂ የነገውን ትምህርት ሲለውጥ ብዙም አይታይም።

አንድ የሒሳብ ጥያቄ እንይ፦ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ። ከየክፍሉ «ሁለት አምስተኛ» የሚል መልስ አይጠፋም። ልጁ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ጋር ደምሯል፤ ዝም ብሎ አልገመተም፣ የተሳሳተ ደንብ ተከትሏል። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ቢደረግበት ደንቡ ከነሕይወቱ ይቀራል። መምህሩ «ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብሎ ቢጠይቀው ግን ልጁ ግማሽ ላይ ጨምሮ ከግማሽ ያነሰ ማግኘቱን ራሱ ያየዋል። ለማስተማር የሚረዳው ምዘና ይኸው ነው፤ ማርክም አያስፈልገው።

ብዙ ጊዜ ግን መምህሩ «ገባችሁ?» ይላል፣ ክፍሉም በአንድ ድምፅ «አዎ!»። ያልገባው ልጅ ድምፁ ከሁሉ ይጎላል። አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሁሉም የመልሱን ቁጥር በጣታቸው እንዲያሳዩ ማድረግ ደቂቃ አይፈጅም፤ ስልሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍልም ይሠራል። ደብተር ሁሉ ይታረም ማለት ግን በእንዲህ ያለ ክፍል ቀልድ ነው።

በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ተማሪውን አስጠግተው እያስነበቡ ያርሙ ነበር፤ ንባቡን ሳያደላድል ዳዊት አያስጀምሩትም። ሽምደዳውና አለንጋው ይቅርብንና ይህቺን ልማድ ብንወርስ ምን ነበረበት?

ማርክ ራሱ እንቅፋት የሚሆንበት ጊዜም አለ። ተመራማሪዋ ሩት በትለር በእስራኤል አጥንታ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ተማሪዎች ተሻሻሉ፤ አስተያየቱ ከማርክ ጋር የደረሳቸው ግን ለውጥ አላሳዩም። ልጅ ቁጥሩን ካየ ጽሑፉን አያነብማ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱን ሁሉ በምዘና ላይ መለጠፍ አይገባም፤ የመጽሐፍ እጥረቱም፣ ጦርነቱም አለ። ሆኖም እነዚህ ልጆች በየዓመቱ ማርክ ተሞልቶላቸው ከክፍል ክፍል ሲያልፉ የኖሩ ናቸው።

መምህሩን ብቻ መውቀስ ይቀናል። ክፍልፋይን መልሶ ለማስተማር ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢወስድ ግን ፖርሽኑ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሱፐርቫይዘሩም ሲመጣ የሚያየው ዓመታዊ ዕቅዱንና የተሞላውን ማርክ ሊስት ነው። «ከዚህ ቴስት በኋላ ምን ደግመህ አስተማርክ?» የሚል ጥያቄ በሱፐርቫይዘሩ ቅጽ ላይ ይግባ፤ ዕቅዱም ለዚያ የሚሆን ባዶ ክፍለ ጊዜ ይተውለት።