ለጀማሪ ነጂ የሚስማማው የሩቅ መንገድ ሞተር ብስክሌት

ሞተር ብስክሌት ገዝቶ አገር ለማየት ያሰበ ወጣት አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ይሮጣል?» ብሎ ነው። እኛ ግን መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ቢወድቅ ብቻዬን አነሣዋለሁን?» የሚለው ነው እንላለን።

ለአስፋልቱም ለኮረኮንቹም የሚሆነውን ትልቅ ሞተር በዓለም ያስታወቀው በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው ቢኤምደብሊው አር 80 ጂኤስ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተወለደው ፈረንሳዊው ኡበር ኦርዮልም በ1981 የፓሪስ ዳካርን ውድድር ያሸነፈው ለእሽቅድምድም በተሰናዳ በዚሁ ወገን ሞተር ነበር። ይሁን እንጂ የዚያው ዘር የሆነው አር 1250 ጂኤስ 249 ኪሎ ስለሚመዝን ለአዲስ ነጂ አይበጅም።

ከመካከለኞቹ ወገን በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ሆንዳ ሲቢ 500 ኤክስ ወደ 200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ጉልበቱም 47 ፈረስ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 411 ሲሲው ሮያል ኤንፊልድ ሂማሊያን ደግሞ መቀመጫው ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ አጭር ሰው እግሩን ያሳርፍበታል፤ ኮረኮንችም አይፈራም። ጉልበቱ ግን 24 ፈረስ ነው፤ ያውም በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ይቀንሳል። ስለዚህ ሰው አፈናጥጦ ዳገት ለሚወጣ ሆንዳውን እንመርጣለን።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው፣ የያዘው ሞተር የትኛውም ቢሆን፣ ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝለት ያድርግ፤ በፍሬን ብቻ የሚወርድ እንደሆነ ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋል። ከባዱ ጓዝም ዝቅ ብሎ ወደ መካከል ይጫን፤ ከኋላ ከፍ ተደርጎ የታሰረ ሻንጣ የፊቱን ጎማ ያቀልለዋልና።