ደሙን ለማን ብሎ ይሰጣል?

የገጠር ሰው ወንፈል ሲገባ ሒሳቡን ያውቃል፤ ዛሬ የጎረቤቱን ማሳ ያረመ እንደ ሆነ ነገ ጎረቤቱ የእርሱን ያርምለታል። በደቦም ቢሆን ጠላውና እንጀራው ይቀርባል። ዕድርተኛውም ድንኳን ሲተክል የራሱን ቀን ማሰቡ አይቀርም፤ ይህን ማለታችን ግን ማንንም ለመንቀፍ አይደለም።

ታዲያ ደም የሚለግሰውን ሰው ምን እንበለው? የደም ባንክ ሥራ በ2004 ዓ.ም. ከቀይ መስቀል ማኅበር ወደ መንግሥት ከመዛወሩ በፊት አብዛኛውን ጊዜ የታማሚው ዘመድ ምትክ ሰጪ ፍለጋ ይሯሯጥ ነበር፤ ይህም ያው ወንፈል ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሥራው በፈቃደኞች ላይ እንዲቆም ተደረገ። ፈቃደኛው ክንዱን ይዘረጋል፤ ደሙ በወሊድ ለምትደማ እናት ይድረስ ወይም መኪና ለገጨው መንገደኛ፣ አያውቅም። ተቀባዩም ስሙን አያውቅምና አመሰግናለሁ የሚለው የለም።

አንዳንዱ የደም ዓይነቱን ለማወቅ ሲል ይመጣል፤ ሌላው ጓደኛው ጎትቶት፤ ሌላው ደግሞ በቤቱ አንድ ሰው በሰው ደም ስለ ዳነለት። የፊተኛው ምክንያት ተራ ቢመስልም እኛ አንንቀውም፤ ከሦስት ወር በኋላ ዳግመኛ የሚያመጣው ግን ሌላ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ቀይ ደም ሴል በማቀዝቀዣ ከ42 ቀን በላይ አይቆይምና፣ ባንኩ አጥብቆ የሚሻው ይህንኑ የሚመለሰውን ሰው ነው።