«በዘር የሚተላለፍ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በቅርቡ አንዲት የሰፈራችን እናት ቤቴ ድረስ መጡ። ሽማግሌ ተቀብለው፣ ልጃቸውን ለመዳር ቀን ሊቆርጡ ጥቂት ሲቀራቸው አንድ ወሬ ደርሷቸዋል። ጎጃም በግብርና የሚተዳደሩት የሙሽራው አባት እግራቸው በዝሆኔ አብጧል። «ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ የተማሩ ሰው ነዎት። ይኼ ነገር በዘር ነው ይላሉ። ልጄ ከዚህ ቤት ገብታ ነገ አንድ ነገር ቢመጣ ሕጉ ምን ይላታል?» አሉኝ። ቡናው እስኪቀርብ ድረስ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ለአንባብያን ላካፍል።

የእናቲቱ ጥያቄ ከባዶ የተነሣ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጋብቻን ሊያስፈርሱ ከሚችሉ መሠረታዊ ስሕተቶች መካከል የትዳር ጓደኛን በሥጋ ደዌ መያዝ በስም ጠርቶ ይቆጥር ነበር። በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን ስም ትቶ በአንቀጽ 13 ስለማይድን ወይም በዘር ወደ ተወላጆች ሊተላለፍ ስለሚችል በሽታ ይናገራል። ስለዚህ «በዘር የሚተላለፍ» የሚለው ቃል የቡና ላይ ወሬ ብቻ ሳይሆን ሕጋዊ ውጤት ያለው ቃል ነው።

እኔ የምኖርበት ኮልፌ ቀራንዮ ለዚህ ቃል እንግዳ አይደለም። ዘነበወርቅ የሚገኘውን አለርት ሆስፒታል የማያውቅ የለም። በዚያው ግቢ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የምርምር ኢንስቲትዩት ስሙን ያገኘው ከኖርዌያዊው ሐኪም ከአርማወር ሐንሰን ነው። ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እስኪያገኝ ድረስ በዘመኑ የነበሩ ታላላቅ ሐኪሞች ሳይቀሩ በሽታው በዘር ይወረሳል ይሉ ነበር። ዛሬ ሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን ተላላፊ በሽታ እንደሆነ ይታወቃል። ይሁን እንጂ የሆስፒታሉን ዙሪያ መኖሪያቸው ያደረጉ ሕሙማን ልጆች፣ ራሳቸው ጤነኛ ሆነው ሳለ፣ «ዘራቸው» እየተባለ ብዙ በር ተዘግቶባቸዋል።

የዝሆኔ ታሪክ ግን ትንሽ ይለያል። በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን በብዛት የሚታየው፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ትል ወይም ባክቴሪያም አያመጣውም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር የሕሙማኑን ንፍፊት በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ በሕዋሳቱ ውስጥ ደቃቅ የአፈር ብናኝ አገኘ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ብናኙ በቆዳ ይገባል፤ የሊምፍ ፈሳሽ የሚሄድባቸው ቱቦዎች ይቆጣሉ፣ ይደፈናሉ፤ እግሩም ያብጣል። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደተያዙ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ግምት ያመለክታል።

እንግዲህ አንድ መሬት ላይ፣ ሁሉም በባዶ እግሩ ሲሄድ፣ አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ይተርፋል? ፋሲል ተኮላ፣ ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት መልስ ሰጥቷል። ከሰፈራችን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎችም ተሳትፈውበታል። በደቡብ ኢትዮጵያ የ194 ሕሙማንንና የ203 ጤነኞችን ዘረ መል ሲያነጻጽሩ ልዩነቱ የተገኘው ኤችኤልኤ በሚባለው ክፍል ነው። በሕግ ቋንቋ ላስረዳ። ኤችኤልኤ ባዕድ ነገር ወደ ሰውነት ሲገባ ቁራጩን ይዞ ለነጭ የደም ሕዋሳት የሚያቀርብ ፕሮቲን ነው፤ ኤግዚቢት ለችሎት እንደሚያቀርብ ማለት ነው። አቀራረቡ ከሰው ሰው ይለያያል። በአንዳንዱ ሰው ዘንድ ቁጣው ይበረታል ተብሎ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናትም በሦስት የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ይህንኑ ዝምድና አግኝቷል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት የበሽታውን የመወረስ መጠን 63 በመቶ አድርጎታል። ይህ ማለት የታማሚ ልጅ የመታመም ዕድሉ 63 በመቶ ነው ማለት አይደለም። ያንኑ አፈር በሚረግጡ ሰዎች መካከል ለሚታየው ልዩነት የዘረ መል ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ የሚገልጽ ቁጥር ነው። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። ከልጅነቱ ጫማ ያደረገ ሰው ያንን ዘረ መል ቢይዝም አፈሩ ስለማይገባ ችሎቱ የሚያየው ኤግዚቢት የለም።

ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህ ዕውቀት መዘዝ ሊኖረው እንደሚችል ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት እንደገለጹት፣ አንዳንድ ቤተሰቦች በጥናቱ መሳተፍ ያመነቱት «በዘር ነው» መባሉ መገለሉን ያብስብናል ብለው ፈርተው ነው። የእኚህ እናት ጭንቀት ያንን ፍርሃት በሌላኛው ወገን ቆሞ ያሳያል። የታመመውስ ቢሆን ተስፋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ፣ በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ትኩሳት ያለውን ድንገተኛ ሕመም እንደሚቀንሱ ተረጋግጧል።

በእኔ እምነት አንቀጽ 13 ለዚህ ጉዳይ አይጠቀስም። አንቀጹ የሚናገረው በበሽታው ስለተያዘው ተጋቢ እንጂ ስለ አባቱ እግር አይደለም። ተመሳሳይ ክርክር ፍርድ ቤት ቢቀርብ ደግሞ ዳኞች «በዘር» የሚለውን ቃል በሰፈር ትርጉሙ ሳይሆን በባለሙያ ምስክርነት ሊመዝኑት ይገባል። ሥጋ ደዌን በስም ከሕግ ያወጣን ሰዎች ሌላውን ሕመም በዚያው ቦታ መተካት የለብንም።

ለጎረቤቴም ይህንኑ ነገርኳቸው። «ታዲያ ልጁ ጫማ ካደረገ ምንም የለም ማለት ነው?» አሉኝ። ምንም የለም አልኳቸው። «ለአባትየውስ?» ሲሉ ግን እርሳቸው ከእኔ ቀድመው ወደ ቁም ነገሩ እንደደረሱ ገባኝ። ለአባትየው ሳሙና፣ ንጹሕ ውኃ፣ በልካቸው የተሠራ ጫማ፣ በሠርጉም ቀን ከወላጆች ጋር የክብር ቦታ ያስፈልጋቸዋል።