ቆራጡ ሥራ አስኪያጅ፦ ማሳይ ኡጂሪ በቶሮንቶ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 የቅርጫት ኳስ ቡድኑ የቶሮንቶ ራፕተርስ ደጋፊዎች አንድ ማለዳ ሲነቁ ዴማር ዴሮዛን የእነሱ ተጫዋች አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ያንኑ ማሊያ ለብሷል፤ አራት ጊዜ ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጧል፤ ሌሎች ከዋክብት ከካናዳ ሲሸሹ እሱ ውሉን አድሶ ቀርቷል። የቡድኑ ፕሬዚዳንት ማሳይ ኡጂሪ ግን ዴሮዛንን፣ ያኮብ ፐልትልንና አንድ የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ዕድል ለሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ሰጥቶ ካዋይ ሌናርድንና ዳኒ ግሪንን ተቀበለ። ሌናርድ በተጠናቀቀው የውድድር ዘመን በጉዳት ምክንያት ዘጠኝ ጨዋታ ብቻ ነበር የተሰለፈው። ውሉ ሊያልቅ አንድ ዓመት ቀርቶታል፤ ቶሮንቶንም መርጦ አልመጣም። ዴሮዛን እንደተከዳ ተሰማው። ኡጂሪ በጋዜጣዊ መግለጫ ወጥቶ በመካከላቸው ለተፈጠረው አለመግባባት ይቅርታ ጠየቀ፤ ውሳኔውን ግን አላጠፈም።

የኤንቢኤ ሥራ አስኪያጅ ኪሱ ስለሞላ ብቻ ቡድን አይሠራም። ሊጉ የደሞዝ ጣሪያ አለው፤ ለአንዱ የተሰጠ ውል ለሌላው የሚተርፈውን ቦታ ይበላል። ጎበዝ ወጣቶች የሚከፋፈሉት ደግሞ በድራፍት፣ ተራ ተጠብቆ ነው። ስለዚህ ማንን ላምጣ ከሚለው ይልቅ ማንን፣ መቼ ልልቀቅ የሚለው ጥያቄ ይከብዳል። ኡጂሪን ትልቅ ያደረገው ለዚህ ጥያቄ የነበረው ድፍረት ነው፤ በመጨረሻ ያደከመውም የዚያው ድፍረት መቀዝቀዝ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኡጂሪ በ1970 እንግሊዝ ውስጥ ከናይጄሪያዊ አባትና ከኬንያዊት እናት ተወለደ፤ ያደገው በሰሜን ናይጄሪያዋ ዛሪያ ነው። በአሜሪካ የኮሌጅ ቆይታው ጎልቶ አልወጣም፤ ከዚያም በአውሮፓ አነስተኛ ሊጎች ሲዘዋወር ኖሮ በ2002 መጫወት አቆመ። ቀጥሎ የያዘው ሥራ ደሞዝ አልነበረውም፤ በራሱ ወጪ እየተጓዘ ለኦርላንዶ ማጂክ ተጫዋች ይመለምል ነበር። ዴንቨር ናጌትስ በደሞዝ ቀጠረው፤ ቶሮንቶ ወሰደው፤ በ2010 ዴንቨር መልሶ ሲጠራው ግን ሥራው ቡድኑን መምራት ነበር። የኤንቢኤ ቡድን በመምራት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ።

ገና ወንበሩ ሳይሞቅ ትልቁ ኮከብ ካርሜሎ አንቶኒ ልሂድ አለ። መድረሻው ኒውዮርክ እንደሆነ ሁሉም ስላወቀ የሻጩ አቅም ደካማ ነበር። ኡጂሪ አልቸኮለም፤ ጎረቤታሞቹን ኒክስንና ኔትስን ለወራት አፎካከራቸው። በፌብሩዋሪ 2011 ከኒክስ ጋሊናሪን፣ ቻንድለርን፣ ፌልተንን፣ ሞዝጎቭን እና የድራፍት ዕድሎችን ተቀብሎ አንቶኒን ሸኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ኮከብ የሌለው ዴንቨር 57 ጨዋታ አሸነፈ፤ ኡጂሪም የዓመቱ ምርጥ ሥራ አስኪያጅ ተባለ። ቶሮንቶ በአምስት ዓመት 15 ሚሊዮን ዶላር ውል ያስመጣው በዚያው 2013 ነው።

ቶሮንቶም እንደደረሰ መልቀቅ ጀመረ። አንድሪያ ባርኛኒ ለኒክስ፣ ሩዲ ጌይ ለሳክራሜንቶ ተሰጡ። ዓላማው ቡድኑን አፍርሶ ከሥር መገንባት ይመስል ነበር፤ ካይል ላውሪም ወደ ኒውዮርክ ሊሄድ ተቃርቦ እንደነበርና የኒክስ ባለቤት በመጨረሻዋ ሰዓት እንዳፈገፈጉ በሰፊው ተዘግቧል። ይህን ከኡጂሪ ጥበብ ልቆጥረው አልችልም፤ ዕድል ነው። ጌይ ከሄደ በኋላ ቡድኑ ሳይታሰብ ነቃ፤ ላውሪም የከተማዋ ምሰሶ ሆነ።

ከዚያ የለብሮን ጀምስ ግድግዳ መጣ። የጀምስ ቡድን ክሊቭላንድ በ2016፣ በ2017 እና በ2018 ቶሮንቶን አስወጣች፤ የኋለኞቹ ሁለቱ አራት ለባዶ ነበሩ። በ2018 ቡድኑ በመደበኛው ውድድር 59 ጨዋታ አሸንፎ ነው እንዲያ የተዋረደው። ኡጂሪ አሠልጣኙን ድዌን ኬሲን አሰናበተ፤ ኬሲ ከተባረረ በኋላ የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ተብሎ ተሸለመ። በቦታው ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ኤንቢኤ ውስጥ ያልሠራው ረዳቱ ኒክ ነርስ ተሾመ። ከዚያ ዴሮዛን፤ በፌብሩዋሪ ደግሞ ዮናስ ቫላንቹናስ በማርክ ጋሶል ተለወጠ። እያንዳንዱ ውሳኔ ደጋፊውን አሳምሟል።

በሜይ 2019 ሌናርድ በፊላደልፊያ ላይ የወረወራት ኳስ ቀለበቱ ላይ አራት ጊዜ ነጥራ ገባች። ሚልዋኪ ሁለት ለባዶ መርታ ተሸነፈች። በጁን 13 ምሽት ኦክላንድ ላይ ጎልደን ስቴት 114 ለ110 ተረታ፤ ዋንጫው ካናዳ ገባ። ነዋሪዎቿ ግማሽ ያህሉ ከባሕር ማዶ የመጡባት፣ ዳንፎርዝ ጎዳናዋ በሐበሻ ምግብ ቤቶች የሚታወቅ ቶሮንቶ አብዳ ወጣች። ሌናርድ በሚቀጥለው ወር ወደ ሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ሄደ። እንደሚሄድ ታውቆ የተገባበት ውል ስለነበር ኪሳራ ልለው አልችልም።

የዚያች ሌሊት ደስታ ግን ለኡጂሪ ሙሉ አልነበረም። የይለፍ ወረቀቱን እያወጣ ወደ ሜዳው ሲያመራ አንድ የፖሊስ ባልደረባ ሁለት ጊዜ ገፈተረው። ገፍታሪው ተጎዳሁ ብሎ ራሱ ከሰሰው። በኦገስት 2020 የፖሊሱ የደረት ካሜራ ቪዲዮ ይፋ ሲሆን ቀድሞ እጁን የሰነዘረው ማን እንደሆነ ዓለም አየ፤ በ2021 መጀመሪያ ክሱ ተዘጋ። ኡጂሪ ያን ጊዜ የተናገረው ሊዘነጋ አይገባም፦ እሱ ፍትሕ ያገኘው የተሳካለት ሰው ስለሆነ ነው፤ ያ ስኬት የሌላቸው ብዙ ጥቁሮች ግን አያገኙም።

ከ2021 ወዲህ ያለውን ሳስብ አዝናለሁ። በድራፍት ስኮቲ ባርንስን መምረጡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን በፌብሩዋሪ 2023 ቡድኑ እየደከመ፣ የሦስት ከዋክብቱ ውል እያለቀ ሳለ፣ ኡጂሪ መሸጥ ሲገባው የመጀመሪያ ዙር ዕድል ከፍሎ ፐልትልን መልሶ ገዛ፤ ያ ዕድል በ2024 ድራፍት ስምንተኛ ሆኖ ወጣ። ፍሬድ ቫንቭሊት በ2023 ክረምት ወደ ሂውስተን ሲሄድ ቶሮንቶ በምትኩ ያገኘችው አንዳች ነገር የለም። ኦጂ አኑኖቢ በዲሴምበር ለኒክስ፣ ፓስካል ሲያካም በጃንዋሪ 2024 ለኢንዲያና ተሰጡ። በ2025 የምሥራቁ ምድብ ፍፃሜ ላይ ኢንዲያናና ኒውዮርክ ሲገናኙ ሁለቱ የቀድሞ ራፕተርሶች ፊት ለፊት ቆሙ፤ ቶሮንቶ 30 ጨዋታ ብቻ አሸንፋ ቤቷ ተቀምጣ ነበር። አብረውት ዋንጫ ያነሱትን ልጆች ለመልቀቅ የሳሳ ይመስለኛል። ለዴሮዛን ያልሳሳ ሰው እዚህ መሳሳቱ ሰው መሆኑን ቢያሳይም፣ ቡድኑን ሁለት ዓመት አስከፍሎታል።

ሲያካም ራሱ የሌላው ሥራው ምስክር ነው። ካሜሩናዊው ልጅ የተገኘው በአህጉሪቱ ከሚዘጋጁ የልምምድ ካምፖች ነው፤ ኡጂሪ በ2016 በ27ኛ ተራ ወሰደው። ኡጂሪ በ2003 የመሠረተው ጃይንትስ ኦፍ አፍሪካ የተባለ ድርጅት ለአፍሪካ ወጣቶች ካምፕ ያዘጋጃል፤ በአህጉሪቱ 100 ሜዳ ለመሥራትም ተነሥቷል። ኪጋሊ ላይ ያስገነባው ማዕከል ያደገባትን ከተማ ስም ይዞ ዛሪያ ኮርት ይባላል። በስፖርት ገንዘብ ያገኙ አፍሪካውያን ብዙ ናቸው፤ ሜዳ የሠሩት ግን ጥቂት ናቸው።

በጁን 2025 ቶሮንቶና ኡጂሪ ተለያዩ። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ደካማ ነበሩ፤ የባለቤቶቹን ውሳኔ ልኮንን አልችልም። በእኔ ፍርድ ግን ሚዛኑ ወደ እሱ ያደላል። ከአሜሪካ ውጭ የሚገኝ ቡድን የኤንቢኤን ዋንጫ ያነሳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቡድኑን የሠራውም ኡጂሪ ነው።