አፕል ፓዩ ሊያዋርደኝ ነበር!

ሽማግሌ ከመላኬ በፊት የፍቅር ጓደኛዬን እናት ልተዋወቅ ቦንጋ ወረድኩ። መቼም ባዶ እጅ አይገባምና ከአዲስ አበባ አፕል ፓይ ይዣለሁ። ቡና እየተፈላ «ይሄ የማን አገር ነው?» አሉኝ። «የአሜሪካ!» ብዬ ኮራሁ።

ልጅቷ ቆነጠጠችኝ። ለካ ፖሙ የመጣው ከማዕከላዊ እስያ ነው፤ እንግሊዞች ደግሞ የፓዩን አሠራር ገና በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጽፈውታል! ሆላንዶች ቀረፋና ዘቢብ ይጨምሩበታል፣ ፈረንሳዮች ገልብጠው ይጋግሩታል፣ አሜሪካኖች አይስክሬም ጣል ያደርጉበታል።

እናቷ ሳቁ። «ከካፋ ጫካ የወጣውን ቡናስ ‹አረቢካ› ይሉት የለ! ልጄ፣ የወሰደ ሁሉ ባለቤት አይሆንም» አሉ፣ ልጃቸውን እያዩ።

ላብ አጠመቀኝ። ወንድሞቼ፣ አማት ፊት የማታውቁትን «አላውቅም» በሉ። እኔስ ተርፌያለሁ፤ ኮረሪማ ቋጥረው ሸኙኝ።